ግራሶው ቪዲዮው ላይ አይታይም

«ተገላገልሽ በቃ! ኪራይ የለ፣ አከራይ የለ።» ጀልባ ላይ እንደምኖር የሰማ ሰው ሁሉ የሚለኝ ይህንን ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ስንት ገዛሻት?» ነው። ሌላ ጥያቄ የምትጠይቀኝ እናቴ ብቻ ናት፤ ስትደውል «ልጄ፣ እስከ መቼ ነው ውሃ ላይ የምታድሪው?» ትለኛለች።

የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ በርሚንግሃም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የውሃ ቦዮች ላይ፣ «ናሮውቦት» በሚባል ጠባብ የብረት ጀልባ ውስጥ። ቲክቶክ ወይ ዩቲዩብ ላይ እንዲህ ዓይነት ጀልባ ሳታዩ አትቀሩም። ጠዋት ነው፣ ውሃው ላይ ጭጋግ አለ፣ አንዲት ልጅ ቡናዋን ይዛ በጠባቧ በር ብቅ ትላለች፣ ዳክዬዎች ያልፋሉ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይሰማል። ከሥር «ሕልሜ!» የሚል ኮመንት ይደረደራል። ውሸት አይደለም፤ እንደዚያ ያለ ጠዋት አለ። ነገር ግን ቪዲዮው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ያቺው ልጅ የሽንት ቤቷን ሳጥን በትንሽ ጋሪ ጭና መድፊያው ድረስ እየገፋች ትሄዳለች። እሱን ማንም አይቀርጸውም።

ዛሬ ስላልተቀረጸው ክፍል ነው መናገር የምፈልገው። ሐሳቤ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጀልባ ኑሮ ማለት ጥገና ነው፤ ጥገናውን የማይወድ ሰው ኑሮውንም አይወደውም። ሁለተኛ፣ እነዚህን ቦዮች የማቆየቱ ወጪ ጀልባ ላይ በሚያድረው ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እየተጫነ መሄዱ ትክክል አይደለም፤ አያዋጣምም።

ከስሙ እንጀምር። «ናሮው» ማለት ጠባብ ማለት ነው፤ ቀልድ የለበትም። የጀልባዬ ወርድ 2 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ርዝመቷ 17 ሜትር ያህል ነው። ውስጧ ምን ይመስላል ካላችሁ፣ ረጅም ኮሪደር ውስጥ መኖር በሉት። መጀመሪያ ምድጃው፣ ቀጥሎ ወጥ ቤቱ፣ ቀጥሎ መታጠቢያው፣ መጨረሻ ላይ አልጋው፤ ሁሉም በአንድ መስመር። እንግዳ ከመጣና ሽንት ቤት መሄድ ከፈለገ ሌሎቻችን ተነስተን እናሳልፋለን።

ለምን እንዲህ ጠበበች? መልሱ ከ250 ዓመት በፊት ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1761 የብሪጅዋተሩ መስፍን ከወርስሊ የድንጋይ ከሰል ማዕድኑ ወደ ማንችስተር የሚወስድ ቦይ አስከፈተ። በጭቃ መንገድ በበቅሎና በጋሪ ሲጓጓዝ የነበረው ከሰል በውሃ ሲመጣ ዋጋው በግማሽ ያህል ወረደ። አንድ ፈረስ በቦዩ ዳር እየሄደ በገመድ 25 ቶን የጫነ ጀልባ መጎተት ይችላል፤ ጋሪ ላይ ይህን ማሰብ አይቻልም። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ቦይ ቆፋሪ ሆነ። የዚያ ዘመን ዋናው መሐንዲስ ጄምስ ብሪንድሊ የሚባል ሰው ነበር። ብሪንድሊ ገንዘብም ውሃም ለመቆጠብ ሲል ጀልባዎቹ ከፍታ የሚወጡባቸውን የውሃ ክፍሎች ሰባት ጫማ ወርድ ብቻ እንዲኖራቸው አደረገ። ሰባት ጫማ ማለት 2 ሜትር ከ13 ሳንቲሜትር ነው። በቃ፣ የእኔን ሳሎን ስፋት የወሰነው የእሱ ቁጠባ ነው።

የቦዩ ወለል በምን እንደተሠራ ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። ሲሚንቶ አይደለም። ጭቃ ነው። ሸክላማ አፈር በውሃ አቡክተው፣ ረግጠውና ደልድለው ነው ውሃ እንዳያሳልፍ ያደረጉት። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጭቃ ቤት ደግሞ ዝም ብለው ቢተዉት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ በየጊዜው ይለቀለቃል፣ ይመረጋል፣ አለበለዚያ ይፈርሳል። ቦዩም እንደዚያው ነው። ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ያፈሳል።

አሁን ወደ ጀልባዋ ልግባ።

ተጉዤ በዋልኩ ቀን ሁሉ፣ ማታ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ የኋላውን ወለል ከፍቼ እወርዳለሁ። ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ከጀልባዋ ሆድ ወደ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ አለ። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ግራሶ ነው። የግራሶውን ክዳን አንድ ሁለት ዙር ማዞር፣ ያው ነው ሥራው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ካልተደረገ ግን ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ጠብታውን የሚያወጣ ፓምፕ አለ፤ ፓምፑ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪው የሚሞላው ሞተሩ ሲሠራ ወይም ፀሐይ ሲወጣ ነው። እኔ ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ብሄድ፣ ወሩም ጨለማው ታኅሣሥ ቢሆን፣ ጠብታው ባትሪውን ይጨርሳል፣ ባትሪው ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል፣ ከዚያ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ጀልባ የሚሰጥመው በማዕበል ብቻ የሚመስለው ሰው ቦይ ዳር ይምጣና ይይ።

ፕሮፔለሩ ላይ ነገር ሲጠመጠም ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ፌስታል፣ ገመድ፣ የአጥር ሽቦ፣ የሰው ጃኬት፣ አንድ ጊዜ ሙሉ የአልጋ አንሶላ አውጥቻለሁ። ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይገባል፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፤ ከዚያ ሆድን ወለሉ ላይ አስተኝቶ እጅን እስከ ትከሻ ድረስ በረዶ ውሃ ውስጥ መስደድ ነው። በቢላ እየቆረጡ ማውጣት። ሲያልቅ መስኮቷን አጥብቆ መዝጋት። በደንብ ሳይዘጋ ሞተሩ ከተነሳ ፕሮፔለሩ ውሃውን ወደ ውስጥ ይረጨዋል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ የሰጠሙ ጀልባዎች አሉ።

መብራት እንደ ቤት አይደለም። ጣሪያዬ ላይ የፀሐይ ፓነል አለኝ፤ በጋ ላይ ይበቃኛል። ክረምት ላይ ፀሐይዋ ራሷ ከአራት ሰዓት በፊት ሥራ የማትጀምር ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ ሞተር ማስነሳት ግድ ነው፤ እሱም ቢሆን ጀልባዋ ታስራ ባለችበት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት አይፈቀድም፤ ጎረቤት ይረበሻል። እንደ እኔ ያለው የሊድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ኔትፍሊክስ ልክፈት ከማለቴ በፊት የባትሪውን ቁጥር አያለሁ። እናንተ የስልካችሁን 20 ፐርሰንት ስታዩ የሚሰማችሁን ስሜት አስቡት፤ እኔ ለቤቴ ሁሉ ነው የሚሰማኝ።

ማሞቂያዬ የድንጋይ ከሰል ምድጃ ነው። ይህን ስናገር አገር ቤት ያለ ሰው ወዲያው ይደነግጣል፤ ልክ ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ዜና ያልሰማ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። እዚህም ጀልባ ላይ ሰው ገድሏል። ስለዚህ ከ2019 ጀምሮ ማንቂያ መሣሪያ መግጠም ግዴታ ሆኗል። የምድጃው በር ዙሪያ ያለውን ገመድ መቀየር፣ ጭስ ማውጫውን መጥረግ፣ የአየር ቀዳዳዎቹን አለመድፈን፣ ማንቂያውን በየሳምንቱ ተጭኖ መሞከር፤ እነዚህ «ሲመቸኝ አደርጋቸዋለሁ» የሚባሉ አይደሉም።

ትልቁ ሥራ በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚመጣው ነው። ጀልባዋ ከውሃ ትወጣለች፤ ሆዷ በግፊት ውሃ ይታጠባል፤ ዝገቱ ይፋቃል፤ ከዚያ ሬንጅ በሬንጅ ትቀባለች። አብዛኛው ጀልባ ወለሉ 10 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ 6 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ ያለው ቤት 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። ውሃ ላሜራን ይበላል፤ በአንድ ሌሊት አይደለም፣ ግን አያቋርጥም። ጎኗ ላይ የማግኒዚየም ቁራጮች ይበየዳሉ፤ ሥራቸው በብረቱ ፈንታ እነሱ እንዲበሉ ነው። እነሱም ሲያልቁ ይቀየራሉ። በዚህ ላይ በየአራት ዓመቱ መርማሪ መጥቶ ጋዙን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ናፍጣውን አይቶ የደህንነት ወረቀት ይሰጣል። እንደ መኪና ቦሎ ቁጠሩት። ወረቀቱ ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ቦዩ ላይ መቆየት የለም።

«ታዲያ ምኑን ነው የምትወጂው?» ትሉኝ ይሆናል። ጉዞውን ነዋ!

ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው። አዎ፣ ስድስት ኪሎ፤ ከዚያ በላይ የለም። የታሰረ ጀልባ አጠገብ ስታልፉ ደግሞ ከዚያም ትቀንሳላችሁ፤ ማዕበሉ ገመዱን ይነቅላል፣ ድስቱን ይደፋል። ዳር ዳሩን የሚሮጥ ሰው ይቀድማችኋል። ጋሪ የምትገፋ እናት ትቀድማችኋለች። ከለንደን በርሚንግሃም በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በግራንድ ዩኒየን ቦይ ግን 220 ኪሎ ሜትርና 166 ሎክ ነው፤ በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ብትነዱ እንኳ ከአሥር ቀን በላይ ይፈጃል።

ሎክ ማለት ለጀልባ የተሠራ ደረጃ ነው። ቦዩ ዳገት ሲገጥመው ከፊትና ከኋላ ከባድ የእንጨት በር ያለው ክፍል ይሠራለታል። ጀልባዋ ትገባለች፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ከላይ ውሃ ይለቀቃል፣ ጀልባዋ ከውሃው ጋር ከፍ ትላለች፣ የፊቱ በር ይከፈታል። ኤሌክትሪክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም። አንድ የብረት ማዞሪያና የሰው ጀርባ ነው። በሩ የሚገፋው በእጅ ሳይሆን በመቀመጫ ተደግፎ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ያልገባኝ እሱ ነበር፣ አንድ አዛውንት አሳዩኝ።

ሲወጣ ቀላል ነው፤ አደጋው ሲወረድ ነው። ከላይኛው በር ሥር የድንጋይ ደፍ አለ፤ ሎኩ ሙሉ ሲሆን ውሃው ይሸፍነዋል። ውሃው ሲወርድ የጀልባዋ ኋላ እዚያ ደፍ ላይ ከተቀመጠ ፊቷ ብቻዋን ትወርዳለች። ጀልባ በደቂቃ ውስጥ ትዘቀዘቅና ውሃ ትሞላለች። ስለዚህ ሎክ ውስጥ ሳለሁ ስልኬን አልነካም። ቪዲዮ የሚቀርጽ ጓደኛ ካለ ሎኩ ካለቀ በኋላ ይቅረጽ።

አንድ ጠባብ ሎክ በተጠቀማችሁ ቁጥር ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ያ ውሃ ተመልሶ አይወጣም። ከላይ ካለ ማጠራቀሚያ ነው የሚተካው። ስለዚህ የቦዩ ሰው ትልቁ ሥነ ምግባር ቀላል ናት፦ ስትወጡ በሩንና የውሃ መልቀቂያውን ዝጉ፤ ከፊት ለፊት ጀልባ እየመጣ ከሆነ ደግሞ ውሃው ሳይባክን እሱ እንዲጠቀምበት ጠብቁት። አንዱ የረሳው መልቀቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ አድሮ ኪሎ ሜትሮችን ሊያደርቅ ይችላል። ጠዋት ጀልባችሁ ጭቃ ላይ ተጋድማ ትነቃላችሁ ማለት ነው። የማታውቁት ሰው ትጋት ላይ እንዲህ በቀጥታ ተደግፋችሁ የምትኖሩበት ሰፈር ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ።

በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኛውን ቦይ፣ ወደ 3 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን፣ የሚያስተዳድረው ከ2012 ወዲህ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የሚባል የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ከዚያ በፊት የመንግሥት ነበር። በትረስቱ ውሃ ላይ 35 ሺህ ገደማ ጀልባ አለ። ቋሚ ማሰሪያ ያለው አለ፤ እንደ እኔ የሌለውም አለ። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ሰው በ1995ቱ ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ መጓዝ አለበት። ቋሚ ቦታ ለምን አትይዢም ካላችሁ፣ ለንደን ውስጥ መኖር የሚፈቀድበት ማሰሪያ በዓመት ከ10 ሺህ ፓውንድ ሊበልጥ ይችላል። በርሚንግሃም ይረክሳል፤ ግን አይገኝም።

የዓመት ፈቃዴ ብቻውን ከ1 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው። ኢንሹራንስ፣ ናፍጣ፣ ከሰል፣ ጋዝ፣ ሬንጅ ሲጨመር «ኪራይ ተገላገልሽ» የሚለው ነገር ፈገግ ያሰኘኛል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ቋሚ ማሰሪያ የሌለን ሰዎች ከሌሎቹ ላይ ተጨማሪ እንድንከፍል ተወስኗል፤ ተጨማሪው በየዓመቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። የትረስቱ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከሁሉ በላይ በቦዩ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ የበለጠ ክፈሉ።

ምክንያቱን አልንቀውም። የበለጠ የሚጠቀም የበለጠ ይክፈል የሚለው ነገር በጥቅሉ ትክክል ነው። እኔም ፈቃዴን በጊዜው እከፍላለሁ። ጥያቄዬ፣ የጎደለው ገንዘብ በዚህ ይሞላል ወይ ነው።

መንግሥት ለትረስቱ የሚሰጠው ድጎማ ከ2027 ጀምሮ ለአሥር ዓመት እየቀነሰ እንዲሄድ ተወስኗል። ትረስቱ ራሱ እንደሚለው የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ የሚያጣው ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በአሥር ዓመት 300 ሚሊዮን፣ በዓመት 30 ሚሊዮን ነው። ለ35 ሺህ ጀልባ ሲካፈል እያንዳንዱ ጀልባ በየዓመቱ 850 ፓውንድ ገደማ ተጨማሪ ይደርሰዋል ማለት ነው። ለሽርሽር ጀልባ ያለው ሰው ይህንን ሲያይ ጀልባውን ይሸጣል። ቤት መከራየት አቅቶት ጀልባ የገባው ሰው ደግሞ የሚሸጠውም የሚሄድበትም የለውም። ከፋዩ ሲቀንስ የቀሪው ድርሻ ይጨምራል። ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሌላ ካልኩሌተር አያስፈልግም።

ደግሞስ ቦዩ የጀልበኛ ብቻ ነው? በቀን በመስኮቴ ከሚያልፉት መቶ ሰዎች ዘጠና ዘጠኙ ጀልባ የላቸውም። ይሮጣሉ፣ ውሻ ያንሸራሽራሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ይህንን ሁሉ በነፃ ነው። ነፃ መሆኑን እደግፋለሁ! ነፃ ሆኖ እንዲቆይ ግን የሕዝብ ገንዘብ መግባት አለበት።

ከዚያ በላይ ያለው ነገር የደህንነት ጉዳይ ነው። በኦገስት 2019 ዌሊ ብሪጅ የምትባል ትንሽ ከተማ 1 ሺህ 500 የሚሆኑ ሰዎቿ ቤታቸውን ጥለው እንዲወጡ ተደረገ። ከከተማዋ በላይ ያለው፣ በ1830ዎቹ ለቦይ ውሃ እንዲያጠራቅም የተሠራው የቶድብሩክ ግድብ ማፋሰሻው ተደርምሶ ነበር። የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ጠጠር የተሞላ ከረጢት እየጣለ ነው ቀዳዳውን የደፈኑት። በመንግሥት የታዘዘው ገለልተኛ ምርመራ ዋናው ምክንያት የማፋሰሻው ደካማ ዲዛይን እንደሆነና ወጥነት የጎደለው ጥገና እንዳባባሰው ገለጸ። ሰው አልሞተም። ከግድቡ በታች ተኝተው ከነበሩት ሰዎች ስንቱ ጀልባ ነበረው? የእነሱን እንቅልፍ የሚጠብቀው ጥገና በእኔ ፈቃድ ክፍያ ላይ መንጠልጠል አለበት?

የ2025 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ሁለቱንም አሳየን። በጃንዋሪ 1 ከከባድ ዝናብ በኋላ በቼሻየር በኩል የብሪጅዋተር ቦይ የአፈር ግድብ ተደረመሰና ውሃው ሜዳ ላይ ፈሰሰ፤ በ1761 የተከፈተው፣ ዛሬ በግል ኩባንያ የሚተዳደረው ያው ቦይ። በበጋው ደግሞ ዝናብ ጠፋ፤ ማጠራቀሚያዎች ጎደሉ፣ በሰሜን እንግሊዝ በርካታ ቦዮች ሎኮቻቸው ተቆልፈው ጀልባዎች ባሉበት ቀሩ። ዝናቡም ድርቁም እንደ ድሮው አይደለም። ከ200 ዓመት በፊት የተረገጠ ጭቃ ይህንን እንዲችል ከተፈለገ ጥገናው መጨመር ነው ያለበት፤ እየተደረገ ያለው ግን ተቃራኒው ነው።

«የሀብታሞች መዝናኛ ነው፣ ሆስፒታል እያለ ለቦይ ምን አስጨነቀን» የሚል ክርክርም አለ። የሚናቅ አይደለም፤ የመንግሥት ገንዘብ ማለቂያ አለው። ነገር ግን ቦይ ሲተው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ተሞክሮ ታይቷል። የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ቦዮቹ ገበያ አጡ። ጀልበኞች ደመወዝ ለመቆጠብ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ሦስት ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ፤ ልጆቹ ጀልባው ስለማይቆም ትምህርት ቤት ሳይገቡ አደጉ። በ1948 ቦዮቹ ለመንግሥት ተላለፉ። ከዚያ የ1962/63 ክረምት መጣ፤ ውሃው ለወራት በረዶ ሆነ፣ ጭነቱ ቆመ፣ ደንበኛው ወደ መኪና ሄደ፣ አልተመለሰም። ብዙ ቦይ ቆሻሻ መጣያ ሆነ። የተዘጋ ቦይ ይሸታል፣ ያፈሳል፣ ሕፃናት ይሰጥሙበታል። መድፈኑም ገንዘብ ይጠይቃል።

ያዳኑት ሰዎች ታሪክ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1944 ቶም ሮልት የሚባል ሰው «ክሬሲ» በምትባል ጀልባው ስለተጓዘው ጉዞ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1946 ከሮበርት ኤክማን ጋር ሆነው ለቦዮች የሚከራከር ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ ተራው ሰው አካፋ ይዞ ወጣ። ቅዳሜና እሑድ ቦት ጫማ አድርጎ ጭቃ ውስጥ የሚገባ የባንክ ጸሐፊ፣ መምህር፣ ተማሪ። በስትራትፎርድ ቦይ ላይ እስረኞችና ወታደሮችም ሠርተዋል፤ በ1964 ተከፈተ። 29 ሎኮች ያሉበት የኬን ሂል ዳገት ያለበት ኬኔት ኤንድ ኤቨን ቦይ በ1990 ንግሥቲቱ በተገኙበት እንደገና ተመረቀ። 5 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ ድሮ ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየገፉ ጀልባ የሚያሳልፉበት የስታንዴጅ ዋሻ በ2001 ተከፈተ። እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ ልዩነቱ አርባና ሃምሳ ዓመት መቆየቱ ነው።

ያ ትውልድ አርጅቷል። ከእኔ ቀጥለው የሚያስሩት ሴትዮ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ሎክ ላይ በበጎ ፈቃድ ይሠራሉ። «ከእኛ በኋላ ማን ይመጣል?» ይሉኛል። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ስልክ ይዘው ይመጣሉ፤ ፎቶው ጥሩ ነው። አካፋ ይዞ የሚመጣው ግን ትንሽ ነው። በጎ ፈቃደኛ ደግሞ ሣር ያጭዳል፣ በር ይቀባል፣ ሰው ይረዳል፤ ግድብ አይጠግንም። የግድብ መሐንዲስ ደመወዝ ይፈልጋል። የመንግሥትን ድርሻ በሰው ደግነት መተካት አይቻልም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ጀልበኛው ይክፈል፤ በሚጠቀመው ልክ፣ አቅሙም ታይቶ። ቤቱ ጀልባ የሆነ ሰው ከሽርሽር ጀልባ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘን። ግድቦቹና የአፈር ዳርቻዎቹ ግን እንደ ድልድይና እንደ መንገድ የሕዝብ ሀብት ተብለው ቋሚ በጀት ይያዝላቸው። የቅነሳው ውሳኔ እንደገና ይታይ።

አገር ቤት ላላችሁ፣ ቦይ የለንም ብላችሁ እንዳትተዉት። ሕንፃ ሲመረቅ ሪባኑን የሚቆርጠው ሰው በዜና ይታያል፤ ሊፍቱን ግራሶ የሚቀባው ሰው ስሙም አይታወቅ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊፍቱ ሲቆም ሁላችንም እንማረራለን። አዲስ ነገር ሲመረቅ «የጥገናው በጀት ስንት ነው? ማን ነው የሚይዘው?» ብሎ ኮመንት ላይ መጠየቅ ዳታ አያስጨርስም።

እዚህ መጥታችሁ ጀልባ ልግዛ ለምትሉኝ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ በኖቬምበር አንድ ሳምንት ተከራይታችሁ ኑሩ፤ በጁላይ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ጀልባዋን ከውሃ አስወጥታችሁ የላሜራውን ውፍረት በባለሙያ አስለኩ። የሻጩን ቀለም አትዩ፤ የኋላውን ወለል አስከፍቱና የግራሶውን ክዳን እዩት። ዙሪያው ንጹሕ ከሆነና በቅርብ የተነካ ከመሰለ፣ ከዚያ ሰው ጋር ስለ ዋጋ ማውራት ይቻላል።